የእንጨት መጋዝ ሲያረጅ፦ የሚጠገነው፣ የሚቀየረው እና በግምት ሊተካ የማይገባው ክፍል

በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም በማይርቀው የባሱንዳ አካባቢ የአንድ አናጢ መጋዝ ቢሰበር ጉዳቱ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። የሰሊጥና የማሽላ እርሻ በሰፈነበት በዚህ ምድር በክረምት ዋልካው አፈር ጭቃ ይሆንና ከዋናው አስፋልት የራቁ መንገዶች ለመኪና አስቸጋሪ ይሆናሉ። የተሰበረው ክፍል እስኪተካ በርና መስኮቱ፣ አልጋውና ጋሪው ይቆማል፤ ገቢውም አብሮ ይቆማል።

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የመለዋወጫ አቅርቦት ይበልጥ ከብዷል። ከካርቱም ገበያዎች የሚመጣው ዕቃ ተስተጓጉሏል፤ ከፖርት ሱዳን በከሰላ አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው መንገድ ረጅም ነው። በኢትዮጵያ በኩል ከአዲስ አበባው መርካቶ በባሕር ዳርና በጎንደር አድርጎ መተማ የሚደርሰው መስመርም በጸጥታ ችግር የተቋረጠባቸው ጊዜያት አሉ።

ዕቃ ሲጠፋ በእጅ ባለው ነገር መተካት የተለመደ ነው። ብልሃቱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጣት፣ ዓይን ወይም ሕይወት ያስከፍላል። ልዩነቱ ያለው የትኛው ክፍል በአገር ቤት ዕቃ ሊተካ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ በልኩና በቁጥሩ ካልተገኘ ማሽኑ መቆም እንዳለበት ማወቅ ላይ ነው።

እንጨቱ መጋዙን እንዴት ይበላዋል?

የመጋዝ ዕድሜ በሚቆርጠው እንጨት ይወሰናል። በምሥራቅ ሱዳንና በመተማ ቆላ የሚገኙት የግራር ዝርያዎች፣ ሱዳኖች ‘ሂግሊግ’ የሚሉት በደኖ፣ እንዲሁም ‘ባባኖስ’ የሚባለው ጥቁር እንጨት ከደጋው ባሕር ዛፍና ጥድ ይልቅ ጥርስ ያደነዝዛሉ። ባባኖስ ውኃ ላይ የማይንሳፈፍ ከባድ እንጨት ነው። ሙጫ ያለበት ግንድ ደግሞ በስለቱ ጎን ላይ እየተጣበቀ ሰበቃና ሙቀት ይፈጥራል።

በኢትዮጵያ በኩል የአናጢው ጥሬ ዕቃ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ተለውጧል። የደን ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከከለከለ በኋላ ባሕር ዛፍ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ችፑድና ኤምዲኤፍ በየወርክሾፑ ይበልጥ እየተለመዱ መጥተዋል። በእነዚህ ሰሌዳዎች ውስጥ ያለው ሙጫ ተራ የብረት ጥርስን በፍጥነት ስለሚያደነዝዝ፣ ጥርሱ ጫፍ ላይ ጠንካራ ካርባይድ የተበየደበት ዲስክ ተመራጭ ሆኗል።

ከአሮጌ ሳጥንና ከፈራረሰ ቤት የተገኘ ጣውላ ሌላ አደጋ አለው። ተደብቆ የቀረ አንድ ሚስማር የካርባይድ ጥርስ ሊነቅል ይችላል፤ የተነቀለው ጥርስም በከፍተኛ ፍጥነት ይወረወራል።

መጋዙ አስቀድሞ የሚሰጣቸው ምልክቶች

መጋዝ ድንገት አያረጅም። አብዛኛው ብልሽት ቀደም ብሎ በድምፅ፣ በሽታ ወይም በአቆራረጥ ራሱን ያሳውቃል።

የተቆረጠው እንጨት ጠርዝ ከጠቆረ ወይም ጭስ ከሸተተ፣ ስለቱ ደንዝዟል ወይም ሙጫ ይዟል ማለት ነው። መጋዙ ከመስመር እያፈነገጠ ወደ አንድ ጎን ከሄደ የአንድ ጎን ጥርሶች ደንዝዘዋል፣ ወይም ስለቱን የሚመሩት ክፍሎች ተበልተዋል። ጉርምርምታና ንዝረት የኩሽኔታ መድከም ምልክት ነው። ሞተሩ እየዞረ ስለቱ ከዘገየ ደግሞ ቺንጋው እየተንሸራተተ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ሊስተዋል የሚገባው አናጢው ራሱ የሚያወጣው ጉልበት ነው። እንጨቱን ወደ ስለቱ ለመግፋት ከወትሮው የበለጠ ኃይል ካስፈለገ መጋዙ ሥራውን አቁሞ ሰውየው እየሠራለት ነው። በኃይል የሚገፋ እጅ እንጨቱ በድንገት ሲለቅ ወደ ስለቱ ያመራል።

ከመንቀል በፊት

ማንኛውም ክፍል ከመነካቱ በፊት ማሽኑ ከኃይል ምንጩ መለየት አለበት። ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ በቂ አይደለም። ሶኬቱ ተነቅሎ ጠጋኙ በሚያየው ቦታ መቀመጥ፣ ቋሚ መስመር ከሆነም ዋናው ማቋረጫ ተዘግቶ መቆለፍ ይኖርበታል። በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነ ጄኔሬተሩ ይጥፋ።

ይህ ጥንቃቄ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ እጥፍ አስፈላጊ ነው። መብራት ጠፍቶ ሳለ ማብሪያው ክፍት ሆኖ የቀረ መጋዝ፣ ኃይሉ ሲመለስ በራሱ ሊነሳ ይችላል። በዚያች ቅጽበት እጁን ስለቱ ላይ ያደረገ ሰው ለማምለጥ ጊዜ አይኖረውም።

የሰርኩላር መጋዝ ዲስክ

የሰርኩላር መጋዝ ዲስክ ሲቀየር አራት ልኮች መመሳሰል አለባቸው፤ የውጭ ስፋቱ፣ የመሃል ቀዳዳው፣ ውፍረቱ እና የተፈቀደለት ከፍተኛ ፍጥነት።

በገበያ ከሚገኙት የመሃል ቀዳዳ ልኮች መካከል 16፣ 20፣ 25.4 እና 30 ሚሊሜትር ይገኙበታል። ቀዳዳው ከዘንጉ ከሰፋ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጥበቢያ ቀለበት ይገባበታል። ቆርቆሮ ጠቅልሎ መሙላት ግን ዲስኩ ከመሃሉ ወጥቶ እንዲዞር ስለሚያደርግ አይፈቀድም። ቀዳዳውን በእጅ ማስፋትም እንዲሁ።

ዲስኩ ላይ የታተመው ከፍተኛ ፍጥነት ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። 400 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በደቂቃ 2,880 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ በሴኮንድ 60 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት ከ210 ኪሎሜትር በላይ ይጓዛል። የማሽኑ ፍጥነት ዲስኩ ላይ ከታተመው ቁጥር መብለጥ የለበትም።

በዚህ ምክንያት የእንጨት መጋዝ ዲስክን ለብረት መቁረጫና መሞረጃ በተሠራ ግራይንደር ላይ መግጠም እጅግ አደገኛ ነው። ባለ 115 ሚሊሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ እንጨቱ ሲይዘው ማሽኑ ከእጅ ይፈናጠራል። ከለላው ለእንዲህ ያለ ሥራ አልተሠራም፤ ትልቅ ዲስክ ለመግጠም ሲባል ከለላውን ማውለቅም የተለመደ ስህተት ነው።

የደነዘዘ የብረት ጥርስ በሞረድ ሊሳል ይችላል። ካርባይድ ግን በተራ ሞረድ አይበላምና በአልማዝ ድንጋይ መሳል አለበት። የተሰነጠቀ ዲስክ ደግሞ አይበየድም፤ ይጣላል። ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከጥርሶቹ ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ይጀምራል።

በዓይን የማይታይ ስንጥቅን ለመፈለግ ቀላል ዘዴ አለ። የጸዳው ዲስክ በነጭ ጋዝ ይታሻል፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ በደንብ ተጠርጎ በኖራ ወይም በጠመኔ ዱቄት ይሸፈናል። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የገባው ነጭ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ በነጩ ዱቄት ላይ መስመር ይሠራል።

አዲሱ ዲስክ ሲገጠም ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለት ሳህኖች ከመሰንጠቂያ ዱቄትና ከሙጫ መጽዳት አለባቸው። በመካከል የቀረች ትንሽ ቆሻሻ ዲስኩን ታወላግደዋለች። ዳዶው በብዙ ማሽኖች ላይ ዲስኩ በሚዞርበት አቅጣጫ ሲዞር የሚፈታ በመሆኑ፣ አልፈታ ሲል በመዶሻ ከመምታት በፊት የጥርሱን አቅጣጫ ማረጋገጥ ይበጃል።

ባንድ ሶው፦ ስለቱ፣ ጎማውና መሪዎቹ

እንደ ቀበቶ በሁለት መንኮራኩሮች ላይ የሚዞረው ባንድ ሶው ብዙ የሚበሉ ክፍሎች አሉት። የስለቱን ርዝመት ለማዘዝ አሮጌው ከጠፋ በስሌት ማግኘት ይቻላል። ሁለቱ መንኮራኩሮች እኩል ከሆኑ የመሃላቸው ርቀት በሁለት ይባዛል፤ በዚያ ላይ የአንዱ መንኮራኩር ስፋት በ3.14 ተባዝቶ ይደመራል። ለምሳሌ መንኮራኩሩ 500፣ የመሃል ርቀቱ 950 ሚሊሜትር ቢሆን ስለቱ 3,470 ሚሊሜትር ይሆናል። ልኬቱ ሲወሰድ የላይኛው መንኮራኩር በማጥበቂያው መካከለኛ ቦታ ላይ መሆን አለበት።

የስለቱ ውፍረት ከመንኮራኩሩ ስፋት አንድ ሺሕኛ ባይበልጥ ይመረጣል። በ500 ሚሊሜትር መንኮራኩር ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር የወፈረ ስለት በየዙሩ ሲታጠፍና ሲቃና ቶሎ ይሰነጠቃል። ከጥርሶቹም ቢያንስ ሦስቱ ሁልጊዜ እንጨቱ ውስጥ እንዲሆኑ ለቀጭን እንጨት ብዙ ጥርስ፣ ለወፍራም ግንድ ጥቂትና ትልልቅ ጥርስ ይመረጣል።

የተበጠሰ ስለት ሊቀጠል ይችላል። ጫፎቹ በሞረድ በሰያፍ ቀጥነው፣ ተደራርበው በብር ብየዳ ሲያያዙ የሚታመን መጋጠሚያ ይሠራል። ከዚያም መጋጠሚያው እንደ ሌላው ክፍል እስኪቀጥን ይሞረዳል። በተራ የኤሌክትሮድ ብየዳ የተያያዘ ስለት ግን በብየዳው ዙሪያ ተሰባሪ ስለሚሆን በሥራ መካከል ይበጠሳል። ከመጋጠሚያው ውጪ በሌሎች ቦታዎችም ስንጥቆች ካሉ ስለቱ ዘመኑን ጨርሷል።

በመንኮራኩሮቹ ላይ ያለው ጎማ በሙቀት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ሙቀቱ በየዓመቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስን በሚያልፍባት ገዳሪፍ ይህ ክፍል ልዩ ክትትል ይሻል። ሥራ ሲያበቃ የስለቱን ውጥረት ማላላት ለጎማውም ለስለቱም ዕድሜ ይጨምራል። ልኩ የሆነ ጎማ እስኪገኝ አንዳንዶች የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠው ይለጥፋሉ። ይህ የሚያገለግለው ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ከሆነና በማጣበቂያ በሚገባ ከተያዘ ብቻ ነው፤ ከዚያም ቢሆን ጊዜያዊ መፍትሔ ነው።

ስለቱን ግራና ቀኝ የሚመሩት ትንንሽ ክፍሎች ግን የአገር ቤት ብልሃት ከሚሠራባቸው መካከል ናቸው። ከብረት መሪዎች ፋንታ በዘይት የተነከረ ጠንካራ እንጨት በብዙ አገሮች ሲያገለግል ኖሯል፤ እንደ ባባኖስ ያለ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ለዚህ ይስማማል። በመሪውና በስለቱ መካከል የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይበቃል። መሪዎቹ ጥርሱን ሳይሆን ከጥርሱ ኋላ ያለውን አካል መያዝ አለባቸው።

ኩሽኔታና ቺንጋ፦ ቁጥሩ ዕቃውን ይናገራል

ኩሽኔታ ሲገዛ የማሽኑን ስም መጥራት አያስፈልግም። በቀለበቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በዓለም ገበያ ሁሉ አንድ ትርጉም አለው። 6203 የተባለው ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው። 6204 ደግሞ 20፣ 47 እና 14፤ 6205 ደግሞ 25፣ 52 እና 15 ሚሊሜትር ነው።

በእነዚህ ተከታታይ ቁጥሮች ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በአምስት ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት ይሰጣሉ። ይህን ያወቀ አናጢ ቁጥሩ ተፍቆ ቢያገኘው እንኳ ዘንጉን ለክቶ ሊያዝዝ ይችላል። ከቁጥሩ ቀጥሎ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ምልክት የሽፋኑን ዓይነት ይገልጻል። የእንጨት ብናኝ በሚበዛበት ቦታ ሁለቱም ጎን በላስቲክ የተዘጋው ዓይነት ይመረጣል።

አዲስ ኩሽኔታ ዘንግ ላይ ሲገባ ኃይሉ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ማረፍ አለበት። የውጭውን ቀለበት በመዶሻ መምታት ኳሶቹ የሚሽከረከሩበትን መንገድ ይሰረጉደዋል፤ ኩሽኔታውም ሳይሠራ ያረጃል። ከውስጠኛው ቀለበት ጋር የሚስተካከል የብረት ቱቦ ችግሩን ይፈታል።

ቺንጋም እንዲሁ ቁጥር አለው። ‘ኤ’ የሚባለው ዓይነት ላይኛው ወርዱ 13፣ ‘ቢ’ የሚባለው 17 ሚሊሜትር ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ርዝመቱን በኢንች ይነግራል። ሁለትና ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን በሚዞርበት ማሽን ላይ አንዱን ብቻ መቀየር ጭነቱ ሁሉ በአዲሱ ላይ እንዲያርፍ ስለሚያደርግ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ።

የፑሌጃ ልክ በግምት መቀየር የለበትም። በደቂቃ 1,440 ጊዜ የሚዞር ሞተር ባለ 200 ሚሊሜትር ፑሌጃ ይዞ ባለ 100ውን ቢያዞር ዘንጉ 2,880 ጊዜ ይዞራል። የዘንጉ ፑሌጃ ተሰብሮ በባለ 75 ሚሊሜትር ቢተካ ግን ፍጥነቱ ወደ 3,840 ይዘላል። በእንዲህ ያለ ለውጥ ዲስኩ ከተፈቀደለት ፍጥነት ሊያልፍ ይችላል።

ሞተሩና ማብሪያው

በእጅ የሚያዙ የኤሌክትሪክ መጋዞች ላይ ቶሎ የሚያልቀው ክፍል ካርቦኑ ነው። ርዝመቱ ወደ አምስት ሚሊሜትር ሲወርድ ወይም በሞተሩ ውስጥ የሚታየው ፍንጣሪ ሲበዛ ሁለቱም ካርቦኖች አብረው ይቀየራሉ። አዲሱ በማቀፊያው ውስጥ ሳይጣበቅና ሳይወዛወዝ መንሸራተት አለበት።

በአንድ ፌዝ የሚሠራ ሞተር እያጉረመረመ አልነሳ ካለ ካፓሲተሩ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ተተኪው በማይክሮፋራድ የተጻፈው ልኩ ተመሳሳይ፣ የቮልቴጅ አቅሙም ከቀድሞው ያላነሰ መሆን አለበት። ካፓሲተር ከመስመር ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ከመነካቱ በፊት በባለሙያ ሊራገፍ ይገባል።

ኢትዮጵያም ሱዳንም 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ስለሚጠቀሙ ሞተር ከመተማ ወደ ገዳሪፍ ቢሻገር ችግር የለበትም፤ ሁለቱ አገሮች በሸኸዲ በኩል በ230 ኪሎቮልት መስመር የተገናኙ ናቸው። ከቀይ ባሕር ማዶ ከሳዑዲ አረቢያ የሚመጣ አገልግሎት ላይ የዋለ ማሽን ግን ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ይህ ሞተር እዚህ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ በዚያው ቮልቴጅ ሲሠራም ይግላል። ፑሌጃ በመቀየር ፍጥነቱን ማካካስ ይቻላል፤ ሙቀቱን ግን አያስቀርም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማብሪያ በተራ የቤት ማብሪያ መተካት የለበትም። ሦስት ፌዝ ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ከማንኛውም የመስመር ጥገና በኋላ የመዞሪያ አቅጣጫው ስለቱ ሳይገጠም ይፈተሻል።

ብዙዎች የማይገዙት መለዋወጫ

የመጋዝ ከለላና ከዲስኩ ኋላ የሚቆመው የብረት ምላስ ሲሰበሩ ማሽኑ መቁረጡን ስለማያቆም በቶሎ አይተኩም። ሆኖም የብረት ምላሱ የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ ተጋጥሞ ዲስኩን እንዳይነክስ የሚያደርግ ነው። ዲስኩ ሲነከስ እንጨቱን አንስቶ ወደ ሠራተኛው ሆድና ደረት ይወረውራል።

ምላሱ ከዲስኩ አካል የወፈረ፣ ጥርሱ ከሚከፍተው ስፋት ግን የቀጠነ መሆን አለበት። የዲስኩ አካል 2.2፣ የሚከፍተው ስፋት 3.2 ሚሊሜትር ከሆነ 2.5 ወይም 2.8 ሚሊሜትር ምላስ ይስማማዋል። ከጥርሶቹ ያለው ርቀትም ከስምንት ሚሊሜትር ባይበልጥ ነው። ዲስክ በተቀየረ ቁጥር ይህ ልክ እንደገና መታየት አለበት።

እንጨት መግፊያ ዱላ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ከቁርጥራጭ ጣውላ ተሠርቶ ሲበላ ይጣላል። በዲስኩ ዙሪያ ያለው የገበታ መክደኛም ከተበላ በጠንካራ እንጨት ሊተካ ይችላል።

ከሩቅ ሲታዘዝ

ዕቃው ከሌላ ከተማ የሚመጣ ከሆነ በስህተት የተላከ ክፍል ሌላ ጉዞ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ደህና እያለ የሞተሩ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ተነስቶ፣ የኩሽኔታና የቺንጋ ቁጥሮች፣ የዲስኩ ቀዳዳና የስለቱ ርዝመት በአንድ ደብተር ቢሰፍሩ ትልቅ ጥቅም አለው። አሮጌው ክፍልም አዲሱ ተገጥሞ እስኪሠራ ድረስ አይጣል።

ከክረምት በፊት አንድ ቺንጋ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ ጥንድ ካርቦን እና አንድ ተለዋጭ ስለት ማስቀመጥ ከሙሉ ማሽን ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው። በአንድ ገበያ ያሉ አናጢዎች ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸውን ዕቃዎች በጋራ ቢያስመጡ ደግሞ የመጓጓዣው ወጪ ይከፋፈላል።

አብዛኛው አናጢ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአሠሪው የተማረ ነው። በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመውን የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የመሳሰሉ ተቋማት የእንጨት ቴክኖሎጂን በትምህርት ደረጃ ቢሰጡም፣ የመለዋወጫ ቁጥርን ማንበብ በየወርክሾፑ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ የሚችል ዕውቀት ነው። በገዳሪፍ ኡም ራኩባን በመሳሰሉ መጠለያዎች ለሚኖሩና በእጅ ሙያቸው ለሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችም ይህ ዕውቀት ዕቃ ባይሆንም ሀብት ነው።

ማሽኑ ሳይኖር

ክፍሉ እስኪመጣ ሥራ መቆም ከሌለበት የእጅ መጋዝ አለ። ጥርሱ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ይሳላል። በመጀመሪያ የጥርሶቹ ጫፍ በጠፍጣፋ ሞረድ እኩል ይደረጋል፤ ቀጥሎ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ በመጠኑ ይዘነበላል፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ይሳላል። የሚዘነበለው ከጥርሱ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ከሥሩ ከታጠፈ ይሰበራል።

ከጥገናው በኋላ

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ኃይል ከመሰጠቱ በፊት ስለቱ በእጅ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። የሚነካው ነገር ከሌለ መፍቻዎች ከገበታው ይነሳሉ፤ ከለላው ይመለሳል። ከዚያም ሠራተኛው ከስለቱ መስመር ጎን ቆሞ ማሽኑን ለአንድ ደቂቃ ያህል ያለ እንጨት ያስነሳል። ንዝረት፣ እንግዳ ድምፅ ወይም ሽታ ካለ ማሽኑ ወዲያው ይጠፋል፤ ምክንያቱ ሳይገኝ እንጨት አይቀርብለትም።